የወለላ ክሮች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁለት ነገር ያስደነግጠኛል፤ ደመናና ስልክ። ሰማዩ በሱዳን በኩል መጥቆር ሲጀምር ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። የሰነድ ክፍሉ ጣሪያ ላይ፣ ከበሩ በስተግራ ሦስተኛዋ ቆርቆሮ ምስማሯ የላላ ናት፤ ስንት ጊዜ አስመትቻት ስንት ጊዜ ላላች። ስልክ ሲጠራ ደግሞ ወይ ምስጥ ገባ ሊሉኝ ነው፣ ወይ ቁልፉ ጠፋ ሊሉኝ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው የሟቹን ቃል ፈልጎ መጥቷል ሊሉኝ ነው እላለሁ። ከሦስቱ አብልጬ የምፈራው የመጨረሻውን ነው።

ባለቤቴ ደምሴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። «ስንዱ፣ ጡረታ የወጣሽው አንቺ ነሽ ወይስ ወረቀቶቹ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳሳተውን በዳስተር አጥፍቶ ቤቱ ገብቷል። የእኔ ስህተት ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። ለምን እንደምፈራ ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት በታይፒስትነት ነው። ከጎንደር ገንዳ ውሃ ስመደብ እናቴ ለዘመቻ የምሄድ ይመስል አለቀሰች። ወባው፣ ሙቀቱ፣ እባቡ ተቆጠረልኝ። እኔም ከተማ ውስጥ ስትኖር እንኳ በሯን ሁለት ጊዜ የምትቆልፍ ልጅ ስለነበርኩ የመጀመሪያውን ዓመት ጫማዬን ሳላራግፍ አላደረግሁም። ኋላ ኮምፒውተር መጣና ታይፕ የሚያስመታ ጠፋ፤ ትርፍ ሠራተኛ ተባልኩ። ማንም ያልፈለገው አንድ ቦታ ነበር። የጥናት ማዕከሉ አዲስ የከፈተው የሰነድ ክፍል። ደሞዙ ያው ነው፣ አቧራው ግን ጭማሪ ነው አሉኝ። ሄድኩ።

ክፍሉ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ጉንዳን አይጠፋበትም። የምንሰበስበው የቆላውን የጥበብ ሰዎች ወረቀት ነው፤ የአዝማሪ ግጥም የተጻፈበት ደብተር፣ የኪነት ቡድን ድራማ፣ የሠዓሊ ንድፍ፣ የሠርግ ዘፋኝ ውል። ይህን ለሰው ስነግር ይስቃል። «አዝማሪ ደግሞ ምን ወረቀት አለው?» ይባላል። አለው። የእጣን መጠቅለያ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ የሚዛን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፋል፣ መጻፍ ካልቻለም ያጽፋል።

ኃላፊዬ ጋሼ አየነው ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጎንደር መዝገብ ቤት ያረጁ ሰው። ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በልብስ ሳሙና ይታጠባሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አንጠልጥለው አየር ላይ እስኪደርቅ ይቆማሉ። መጀመሪያ ሳያቸው የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። በመጋቢት ሙቀት ላብ ወረቀት ላይ እንዳይንጠባጠብ ክንዳቸው ላይ ፎጣ ያስራሉ፤ ወረቀት እንዳይበትን ብለውም ማራገቢያውን ያጠፋሉ። እኔ በላብ ስቀልጥ እሳቸው በእርሳስ ይጽፋሉ። እስክሪብቶ ክፍሉ ውስጥ አይገባም፤ የጎብኚ እስክሪብቶ እንኳ በር ላይ ይቀራል።

የጠረጴዛውንና የመደርደሪያውን እግሮች ቆርቆሮ ውስጥ አቁመው የተቃጠለ የትራክተር ዘይት ሞልተውበታል፤ ምስጥ እንዳይወጣ። ሳጥን ግድግዳ አይነካም፤ አንድ ስንዝር ይርቃል። ነፍሳት የሚያባርር የደረቀ የኒም ቅጠል በጨርቅ ተቋጥሮ በየሳጥኑ ጥግ ይገባል። ሰኞና ሐሙስ በባትሪ ተንበርክከን ከሥር እናያለን። ለእኔ ዓይነቱ ፈሪ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነበር፤ ፍርሃቴ እንደ ትጋት ተቆጠረልኝ።

አንድ ልማዳቸው ግን ያናድደኝ ነበር። የታሰረ ወረቀት ሲመጣ፣ ጥቅል ይሁን ከረጢት፣ ከመፍታታቸው በፊት ይስሉታል። ክሩ በየት ዞረ፣ ቋጠሮው ስንት ነው፣ የትኛው ወረቀት ከላይ ነው፣ ሁሉንም። ሥዕል አይችሉበትም፤ ጥቅሉ ሁሉ ሽንኩርት ይመስላል። ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። «ጋሼ፣ ፈትተን ብናነበውስ?» ስላቸው ቀና ሳይሉ «ሲፈታ የሚጠፋ ነገር አለ። መጀመሪያ ያሰረውን እጅ እዪ» ይሉኛል። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሌላ ሽንኩርት እስላለሁ።

የማዕከሉ ኃላፊዎች ይመጣሉ ይሄዳሉ። አንዱ ክፍሉን ለጄኔሬተር ማስቀመጫ ሊወስደው ነበር። ሌላው ለበዓል ወረቀቶቹን ሜዳ ላይ በስፒል ሰሌዳ ላይ ሰክታችሁ ሕዝብ ይያቸው አለን፤ በሚያዝያ ፀሐይ! ቁልፉ ጠፋ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አብሬያቸው ፈለግሁ፤ ቁልፉ ደረቴ ውስጥ ነበር። ጋሼ አየነው ያን ጊዜ ብቻ ሲስቁ አየኋቸው።

ሁለት ክረምት አብርሃ ጅራ ተልኬ ሠርቻለሁ። እዚያ የጭነት መኪና ኋላና የሆቴሎችን ግድግዳ የሚስል ሠዓሊ ነበር፤ ንድፎቹን በደብተር ይዟል። በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን ጎርፍ ቤቱ ገባና ደብተሮቹ እንደ ሊጥ ሆኑ። ሰውየው ፀሐይ ላይ ሊያሰጣቸው ሲል ጮህኩበት፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጡ ቀለማቸው ይበር ነበር። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። በመንገዱ ዳር የታጨደው ሰሊጥ ቆሞ ነበር፤ ነዶውን አፉን ወደ ላይ አድርገው እርስ በርሱ አደጋግፈው ያቆሙታል፤ ሂላ ይሉታል። ደብተሮቹን እንደዚያው ገለጥለጥ አድርጌ፣ በራኩባ፣ በሣር ዳስ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ እንዲገባባቸው አቆምኳቸው። አራት ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጋሼ አየነው መጥተው አዩና አንዷን የወደቀች ደብተር አንስተው መልሰው አቆሟት። ከእሳቸው ይህ ምስጋና ነው።

ከዚያ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ጎንደር ገቡ። ክፍሉ ለእኔ ቀረ። መጀመሪያ አካባቢ መሳሉን ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ ተውኩት። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ወረቀት ተደራጀ ብሎ ነው፤ ስንት ሽንኩርት ተሳለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እትዬ ወለላ የሽንፋ ሰው ናቸው። ማሲንቆ የሚመታው ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን በየእርሻው ካምፕ እየዞሩ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት ሠራተኞች ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ማንበብ አይችሉም። ሠራተኛው አንድ ግጥም ይሰጣቸዋል፤ የእርሻው ወኪል ባገኘው ወረቀት ላይ ይጽፍላቸዋል፤ እሳቸው ይይዙታል። ያ ሰው በወባ ወይ በሌላ ነገር እዚያው ቢቀር፣ ቤተሰቡ ፍለጋ ሲመጣ ወለላ ቃሉን ይዘፍኑለታል። ሠራተኞቹ «ቃሌን ወለላ ጋ አስቀምጫለሁ» ይሉ ነበር። መቃብሩን የሚያውቅ ሲጠፋ ቃሉ ይገኛል።

አንድ የሰኔ ቀን አንድ ከረጢት ይዘው መጡ። ጣሪያቸው ያፈስሳል፣ አጥራቸውን ምስጥ በልቶታል፤ ወረቀቱን አደራ ሊሰጡኝ ነው። የሽንፋ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ነበር።

«ስንዱየ፣ እንዳለ አስቀምጭልኝ። ስመለስ ቁጭ ብየ እነግርሽ አለሁ» አሉኝ።

«ምንም አይሆንም እትዬ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

ከረጢቱን ከፈትኩ። ውስጡ ስድሳ ሦስት ትናንሽ ወረቀቶች፣ እያንዳንዳቸው ተጠቅልለው በክር ታስረዋል። ክሩ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ የቆሸሸ። ከክሮቹ መሐል አንዲት ነጭ ምስጥ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትሄድ አየኋት። አንዲት ናት። እኔ ግን ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ክፍል በሙሉ ሲበላ ታየኝ። መቀሱን አነሳሁ። ክር፣ ስፒል፣ ላስቲክ ይነሳል ይላል መመሪያው፤ መመሪያውን በአማርኛ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስድሳ ሦስቱንም ቆረጥኩ፤ ወረቀቱን አንድ በአንድ በብሩሽ ጠርጌ፣ ዘርግቼ፣ ንጹሕ ፎልደር ውስጥ አስገባሁ። ክሩንና ከረጢቱን ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኩ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ እፎይ አልኩ። ሪፖርቱም ላይ ቁጥሩ አምሮ ወጣ።

በኅዳር እትዬ ወለላ አንዲት ሴት አስከትለው መጡ። አድና ትባላለች፤ ከጎጃም የመጣች ናት፤ እግሯ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ወንድሟ አንሙት ከሁለት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አረም ወርዶ አልተመለሰም። ሽንፋ አጠገብ ባለ እርሻ ታሞ መሞቱን ከጓደኞቹ ሰምታለች፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ቃሉን ልትሰማ ነው የመጣችው። ያመጣት መኪና ሐሙስ ይመለሳል። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ፎልደሮቹን አመጣሁ። ኮራ ብዬ ዘረጋሁላቸው። እትዬ ወለላ አዩ፤ አንዱን አነሱ፤ ገለበጡት፤ ሌላውን አነሱ።

«ክሩስ?» አሉኝ።

«ክር ወረቀት ይበላል እትዬ። አነሳሁት።»

«የት አደረግሽው?»

ወደ ጓሮው አየሁ። እሳቸውም ያየሁበትን አዩ፤ ገባቸው። ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ነገሩኝ። ሰውየው ግጥሙን ሲሰጣቸው ከራሱ ልብስ አንድ ክር ይመዙና በሱ ያስሩታል። ከዚህኛው የጋቢ ጥለት ሰማያዊ፣ ከዚያኛው የጃኬት ሽፋን አረንጓዴ። ብዙዎቹ ስማቸውን አይናገሩም ወይ የውሸት ስም ይናገራሉ። እሳቸው ክሩን ሲያዩ ሰውየው ይታወቃቸዋል።

«ግጥሙን ባነብልዎትስ?» አልኩ።

«አንብቢ። ግጥሙንማ አውቀዋለሁ፤ ዘፍኘዋለሁ እኮ። የማን እንደሆነ ነው ክሩ የሚነግረኝ። ሁሉም የሚለው አገሩን ነው ስንዱየ። ያንዱን አፍ ካንዱ በምን ልለይ?»

አድና አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። «ጠፋ ማለት ነው?» አለች። እኔ ዕድሜ ልኬን ከምስጥ፣ ከዝናብ፣ ከእሳት ስጠብቅ ኖሬ ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ጎንደር ወጣሁ። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ በየኬላው መኪናው ሲቆም ሐሙስን እቆጥራለሁ። ጋሼ አየነው ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሥዕሉስ?»

«አልሳልኩም ጋሼ።»

ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልተቆጡም። «ክሩ ስንት ዓመት ታስሮ ኖረ?» አሉ።

«አንዳንዱ አስርም ሃያም ይሆነዋል። የቅርቡም አለ።»

«እንግዲያ ወረቀቱ አይረሳውም። ክፍሉን አጨልሚና ባትሪውን ከጎን አብሪበት። ቀለም ያለው ክር ላብና እርጥበት ሲያገኘው ቀለሙን ይተዋል። ቀለም የሌለውም የታሰረበት ቦታ ቦይ ይሠራል። አንቺ አትለይውም። ያሰሩት ሴትዮ እጅ ይለየዋል።»

ልሰናበታቸው ስል እጃቸውን ዘርግተው የእኔን ጨበጡና «እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ሆነ።

በዚያው ቀን ከመሸ ተመልሼ፣ ረቡዕ በጧት መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን። ባትሪውን ከጎን ስይዘው ወረቀቱ ላይ ያላየሁት ሁሉ ወጣ፤ ስስ ቦይ፣ ደብዛዛ ቀይ፣ ውሃ ሰማያዊ። እትዬ ወለላ እጃቸውን ታጥበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል።

«ይሄ ሦስት ዙር ነው። አረንጓዴ ትይኛለሽ? የጃኬቱ ሽፋን ነው። የአርማጭሆው ልጅ፤ ሽቶ የሚወድ።» «ይሄ ቀይ ነው? ይሄስ በሕይወት አለ፤ አምና ሰላም ብሎኛል።»

እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ። አድና ጥግ ላይ ቆማ ነጭ የሚለውን ትጠብቃለች፤ የአንሙት ጋቢ ጥለት ያልነበረው፣ ነጭ በነጭ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስድሳ አንዱ ባለቤቱን አገኘ። ሁለት ቀሩ።

ሁለቱም ቀለም የላቸውም። ሁለቱም በሁለት ዙር ታስረው ነበር። አንድ እርሻ ላይ አንድ ወኪል የጻፋቸው ስለሆኑ ጽሕፈታቸውም አንድ ነው።

እትዬ ወለላ ደጋግመው ዳሰሱ። «አንዱ የአንሙት ነው፤ ከጋቢው የመዘዝኩት። አንዱ ደግሞ የአንድ ወሎየ ነው፤ እሱም በዚያው ወር ሞተ። ልብሱ አልቆ ነበር፤ ክር ብመዝበት እጅጌው ይወድቃል ብየ ፈራሁ። ከማዳበሪያ ከረጢት መዘዝኩለት። ስሙን ስጠይቀው ‹ወሎየው በይኝ› አለኝ።»

የማዳበሪያ ክር ጠንካራ ነው፤ ቦዩ ይጠልቃል ብዬ ባትሪውን አዞርኩ፣ አጉሊ መነጽር አመጣሁ። አንደኛው የጠለቀ መሰለኝ። ደግሜ ሳየው ሁለቱም እኩል ናቸው። ክሩ ቢኖር ኖሮ አንድ ሕፃን እንኳ ባንድ ዓይን ይለየው ነበር።

አድና መጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። «ሁለቱንም በይልኝ እናቴዋ» አለች።

እትዬ ወለላ ያለ ማሲንቆ፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ዘፈኑ። የመጀመሪያው ይህ ነበር፤

በሩን አትዝጉብኝ አርሜ እስክጨርስ፣
ድርሻዬ ትቀመጥ እኔ እስክመለስ።

ሁለተኛው ይህ፤

ዝናቡ ሲመጣ ደመናውን እዩት፣
በእኔ በኩል አልፏል ወሬዬን ጠይቁት።

አድና የቱ ጋ ማልቀስ እንደጀመረች አላየሁም፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር። ሲያልቅ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«ለዚያኛው ልጅ እስከዛሬ የመጣ አለ?»

«የለም» አሉ ወለላ።

«እንግዲያ ለሁለቱም አልቅሻለሁ። የኔ የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቀው።»

ዋናውን ወረቀት ውሰጂው ብዬ ልሰጣት ነበር፤ ደንብ የሚባለው ሁሉ ከዓይኔ ጠፍቶ ነበር። እሷ ናት እምቢ ያለችው። «የዚያኛው ዘመድ ቢመጣስ?» አለች። ሁለቱን ግጥም ገልብጬ ሰጠኋት። እሷም ከነጠላዋ ጥለት አንድ ቀይ ክር መዘዘች፤ ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ አድርጋ አሰረችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄንን እንዳትቆርጭው» አለችኝ። ሐሙስ ሄደች።

ማውጫው ላይ፣ ማስታወሻ በሚለው ቦታ፣ «ክሮቹን የቆረጠችው የሰነድ ሠራተኛዋ ስንዱ ናት፤ ሥዕል አልተሠራም» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ያን ጊዜ የነበረው ኃላፊዬ አይቶት «በግምገማ ያስጠይቅሻል፣ አጥፊው» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። ወጥቼ እስክሪብቶ ገዛሁና በላዩ ላይ ደገምኩበት። ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ የገባው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። መንገድ ተዘግቶ ወር ሙሉ ክፍሉን ሳላይ ቀርቻለሁ። ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነስቶ የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ በሰው ስትሞላ፣ ክፍሉን ለእህል ማስቀመጫ ይፈልጉታል ተብሎ ሲወራ ሰንብቷል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ያቺን ቀይ ክር ነው። ባጃጅ ላይ ተሳፍሬ ግማሽ መንገድ ሄጄ፣ መቆለፌን ተጠራጥሬ የተመለስኩበት ቀን ስፍር የለውም፤ ባለባጃጆቹ ራሳቸው «እትየ፣ እንመለስ?» ይሉኝ ጀመር። እትዬ ወለላ ደግሞ በየዓመቱ ለሚወርዱት ሠራተኞች ይናገራሉ፤ ልብሱ ያለቀ፣ ስሙን ያልተናገረ ወሎዬ ዘመድ ካላችሁ ቃሉ ገንዳ ውሃ አለ እያሉ። የዚያ ሰው ዘመድ እንዲመጣ እመኛለሁ፤ እንዳይመጣም እመኛለሁ። ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ?

የርክክቡ ቀን ቦታዬን የተረከበው ይበልጣል የሚባል ጎልማሳ ነው፤ የተማረ፣ ጨዋ። ሳጥኑን ከፍቶ ቀዩን ክር ሲያይ መመሪያውን አነሳ።

«እትየ ስንዱ፣ ክር ይነሳል ይላል እኮ።»

«ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቁጭ በልና መጀመሪያ ሳለው።»

ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ተወው። ሳለው። ሽንኩርት ይመስላል። ያን ጊዜ ነው ርክክቡ ላይ የፈረምኩት።

ጡረታ በወጣሁ በአሥረኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ስልኬ ጠራ። ይበልጣል ነው።

«እትየ ስንዱ፣ እትየ ወለላ አንድ አባት ይዘው መጥተዋል። ከወሎ ነኝ ይላሉ።»

ደምሴ ጃንጥላውን ሰጠኝ። አልሳቀም። ባጃጅ ውስጥ የምለውን ሳዘጋጅ ሄድኩ፤ መመሪያ፣ ምስጥ፣ የሥራ ብዛት። ስገባ ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አባ ይመር ይባላሉ። ልጃቸው እንድሪስ ነው። ከቤት ሲወጣ የለበሰውን ካኪ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ነግረዋቸው እትዬ ወለላ «እሱ ነው» ብለዋል። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«አባባ፣ ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከሁለቱ የትኛው የልጃቸው እንደሆነ የማይታወቀው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው።

ረጋ ብለው አዩኝ። «ለምን ቆረጥሽው ልጄ?»

«ምስጥ ፈርቼ።»

«ምስጥስ ያስፈራል» አሉ።

እትዬ ወለላ ሁለቱንም ዘፈኑላቸው። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ቢሆንም ክፍሉ ሞላ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። «እንድሪስ ግጥም ሲል ሰምቸው አላውቅም። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር» አሉ። ከዚያ ወረቀቶቹን በጣታቸው ነካ አደረጉና ቀዩን ክር አዩ።

«ይሄስ ክር የማነው?»

«የአንዲት የጎጃም ሴት ነው። የአንደኛው ግጥም ባለቤት እህት ናት። መጥታ ለሁለቱም አልቅሳ ሄደች።»

«ለእንድሪስም?»

«ስሙን ሳታውቅ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ። አባ ይመር ከዘራቸውን መሬት አስቀምጠው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ሊጀምሩ ሲሉ ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«የወንድሟ ስም ማነው?»

«አንሙት» አልኳቸው።

«አንሙት» ብለው ደገሙ፤ እንዳይረሱት አንዴ ደግመው አሉት። ከዚያ የሁለቱንም ስም ጠርተው ዱዓቸውን ጀመሩ።